የሙዙን ትርፍ የሚበላው ሻጋታ በጦስኝና በሶዳ ይያዝ ይሆን?

መድኃኒቱ የሚፈለገው እርሻው ላይ ነው፤ ኪሣራው የሚቆጠረው ግን አዲስ አበባ ነው

ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ተቆርጦ አዲስ አበባ የሚገባ ሙዝ ከመኪና ሲወርድ አረንጓዴ ነው። ጠባሳ ቢኖረው እንኳ ጎልቶ አይታይም። ገዢው በኪሎ አስመዝኖ ይረከባል፣ ሂሳቡን ይዘጋል፣ ጭነቱን ወደ ማብሰያ ቤት ያስገባል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሙዙ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ በልጣጩ ላይ ቡናማና ጥቁር ነጠብጣብ፣ በዘለላው አንገት ላይ ደግሞ ነጭና ግራጫ ሻጋታ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ የሸጠው ገበሬም ያገናኘው ደላላም በአካባቢው የሉም። ኪሣራው ማብሰያ ቤቱን በያዘው ነጋዴ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ነጋዴው ይህንን “ብልሽት” ብሎ ከሂሳቡ ያወራርደዋል። አወራረዱ ግን ብዙ ጊዜ ስህተት አለበት። 100 ኩንታል ተገዝቶ 20ው ቢበሰብስ፣ የግዢውን፣ የመኪናውን፣ የጫኝና አውራጁንና የማብሰያውን ወጪ በሙሉ የሚሸከመው የቀረው 80 ኩንታል ነው። ስለዚህ የአንዱ ኪሎ መነሻ ዋጋ የሚጨምረው በ20 በመቶ ሳይሆን በ25 በመቶ ነው። “20 በመቶ ጠፍቶብኛል፣ 20 በመቶ ልጨምር” ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ካወጣው ከእያንዳንዱ 100 ብር 4 ብር ከኪሱ ይከፍላል። ብልሽቱ 40 በመቶ ከደረሰ ደግሞ መነሻ ዋጋው በ67 በመቶ ገደማ ያሻቅባል። በዝናብ ወራት ሻጋታ ሲበረታ ይህን ያህል ዋጋ የሚሸከም ቸርቻሪ ማግኘት ያስቸግራል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ የሚሆነው ከአዝመራ በኋላ የችርቻሮ ገበያ ሳይደርስ እንደሚጠፋ ገልጿል። ይህ እህልን ጨምሮ የተወሰደ አማካይ ሲሆን አትክልትና ፍራፍሬ በብልሽት ከፊተኛው ረድፍ የሚሰለፉ ናቸው። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር የተለወጠው ቦታው ነው። ሙዝን በአይሱዙ ላይ ያለ ሳጥን መቆለልና በኮባ ቅጠል ማልበስ፣ ከላዩም ሰው መቀመጥ የቆየ ልማድ ሆኖ ቀጥሏል።

ሁለት ዓይነት ጠላት

የተከማቸ ፍራፍሬን የሚያበሰብሱ ሻጋታዎች አገባባቸው ሁለት ዓይነት ነው። ልዩነቱን ያላወቀ ነጋዴ ገንዘቡን በማይረባ መድኃኒት ላይ ሊያጠፋ ይችላል።

የመጀመሪያው በቁስል የሚገባው ነው። ብርቱካን ላይ አረንጓዴ ዱቄት የሚነሰንሰው ፔኒሲሊየም ዲጂታተም የተባለው ፈንገስ ጤናማ ልጣጭ ሰብሮ መግባት አይችልም። የጥፍር ጭረት፣ የመቀስ ጫፍ ወይም የጆንያ ፍትጊያ በር ሲከፍትለት ግን በቀናት ውስጥ ፍሬውን ይጨርሰዋል። አንድ የሻገተ ብርቱካን በሚሊዮን የሚቆጠር የሻጋታ ዘር ስለሚያራግፍ በዚያው መጋዘን ያለውን የቆሰለ ፍሬ ሁሉ ያዳርሳል። የሙዝ ዘለላ አንገት መበስበስም ከዚሁ ወገን ነው። ዘለላው ከግንዱ የተቆረጠበት እርጥብ ቦታ ለብዙ ዓይነት ፈንገሶች ክፍት ቁስል ነው፤ ቢላዋው ሳይታጠብ ከዘለላ ወደ ዘለላ ሲዘዋወር ደግሞ በሽታውን ያዛምታል።

ሁለተኛው ተኝቶ የሚጠብቀው ነው። ኮሌቶትሪከም የሚባለው የፈንገስ ወገን በሙዝ፣ በማንጎና በአቮካዶ ላይ ጥቁር ጠባሳ ያወጣል። የሚይዘው ፍሬው ገና እርሻ ላይ አረንጓዴ ሳለ ነው። ዝናብ ከደረቀ ቅጠል ላይ አጥቦ ወደ ፍሬው ያወርደዋል፤ በልጣጩ ላይ መልህቁን ጥሎ ይተኛል። ፍሬው ሲበስል፣ ጥሬው ልጣጭ የነበረው የተፈጥሮ መከላከያ ሲደክምና ስኳሩ ሲጨምር ይነቃል። ማብሰያ ቤቱን የሚወቅስ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚወቅሰው የማይገባውን ነው። በሽታው ከጭነቱ ጋር ተመዝኖ፣ ዋጋ ተከፍሎበት የገባ ነው።

“በቀዝቃዛ ክፍል ቢቀመጥስ?” የሚል ጥያቄ ከባለሀብቶች ይነሳል። ለፖምና ለብርቱካን መልካም ነው። ሙዝ ግን ከ13 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ልጣጩ ይጠቁራል፤ በኋላም በወጉ አይበስልም። ማንጎም ለብርድ እንደዚሁ ስስ ነው። ለሙዝ በሚስማማው 13 እና 14 ዲግሪ ላይ ደግሞ ሻጋታው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። የቅዝቃዜው ጉልበት በሚያንስበት በዚህ ቦታ ነው ሌላ ረዳት የሚፈለገው።

ቅመም ቤት የተገኘ መሣሪያ

ትልልቆቹ ፍራፍሬ ላኪ አገሮች ለብዙ አሥርት ዓመታት የተደገፉት በኬሚካል ነው። ታያቤንዳዞልና ኢማዛሊል በብርቱካን ማሸጊያ ቤቶች የታወቁ ስሞች ናቸው። ይሁንና ሻጋታው ለሁለቱም እየተላመደ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት ገበያም እየጠበቀ ነው፤ አቮካዶና ማንጎ ይነከሩበት ለነበረው ፕሮክሎራዝ የሰጠው ፈቃድ በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አብቅቷል። ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ቅመማ ቅመም የመለሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጦስኝ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል፣ ቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል፣ ቀረፋ ውስጥ ሲናማልዴሃይድ፣ ጠጅ ሣር ውስጥ ሲትራል የተባሉ ውሁዶች ይገኛሉ። ሽታቸውን የሚሰጧቸው እነዚሁ ናቸው። ተክሉ የሚሠራቸው ከተባይና ከፈንገስ ራሱን ለመጠበቅ ነው። ዘይትነት ስላላቸው የፈንገሱን የሕዋስ ሽፋን ሰርገው ያፈርሱታል፤ ውስጡ ያለው ፈስሶ ይሞታል። አብዛኞቹ የሚተንኑ በመሆናቸውም ፍሬውን ሳይነኩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በጢስ መልክ ሊሠሩ ይችላሉ።

ለሙዝ ነጋዴ በጣም የሚቀርበው ማስረጃ ከስሪላንካ የመጣ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ላይ እምቡል የተባለ የአገሬው ሙዝ በበሶብላና በጠጅ ሣር ወገን ዘይቶች ተረጭቶ በ13.5 ዲግሪ ገደማ ሲቀመጥ፣ የአንገት መበስበሱና የልጣጭ ጠባሳው ተገትቶ እስከ 21 ቀን መቆየት ችሏል። በሶብላና ጠጅ ሣር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደሉም። በደቡብ አፍሪካ በጽዋኔ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የጦስኝ ወገን ከሆነ ተክል የተገኘ ዘይት በተን መልክ በአቮካዶ ላይ ተሞክሮ ጠባሳውን ቀንሷል። በአገር ውስጥም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዕፅዋት ጭማቂን ከሙቅ ውኃ ጋር አጣምረው በሙዝ ላይ ሞክረዋል፤ ውጤቱንም በ2014 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የሙቅ ውኃው ነገር ችላ የሚባል አይደለም። ለተኛው ፈንገስ ከመርጨት ይልቅ ሙቀት ጠልቆ ይደርስበታል፤ ማንጎን ከ50 እስከ 55 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ መንከር በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ነው።

ከቤተ ሙከራ አልፎ ገበያ የገባም አለ። በፈረንሳይ ፖም መጋዘኖች ውስጥ የቅርንፉድ ዘይት በሙቀት ወደ ጉም ተለውጦ ይነፋል። ኤደን ሪሰርች የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ደግሞ ዩጂኖል፣ ጄራኒዮልና ታይሞልን ባዶ በሆነ የእርሾ ሕዋስ ቅርፊት ውስጥ እያሸገ ለወይን እርሻ ይሸጣል፤ ሦስቱም ውሁዶች በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀዱት በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት የሚወጣው ካይቶሳን በፍሬው ላይ እንደ ስስ ፊልም ሆኖ ሻጋታውንም የሚገታ ሲሆን፣ በዚያው ገበያ በ2014 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጨንቻ ደጋ የሚመረተውን ፖም የሚያከማች ነጋዴ የፈረንሳዮቹን የቅርንፉድ ጉም ልብ ብሎ ቢመለከተው አይከፋም። ፖም በቅዝቃዜ ለረጅም ጊዜ ስለሚቀመጥ ወጪውን ሊመልስ የሚችል ፍሬ ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ግን ጦስኝ ዘፍዝፎ ውኃውን ሙዝ ላይ መርጨት ይበቃል ማለት አይደለም። ታይሞል በውኃ በደንብ አይሟሟም፤ ዘይቱም ከውኃው ተለይቶ ይንሳፈፋል። የሚያዋህድ ነገር ካልተጨመረበት አንዱ ፍሬ ምንም ሳይደርሰው ሌላው ከመጠን በላይ ይደርሰዋል። የበዛበት ልጣጩ ይቃጠላል፤ ያንን ጥቁር ጠባሳ ገዢ ከበሽታው ለይቶ አያየውም። ሽታም አለው። የቅርንፉድ ጠረን ያለው ሙዝ ለሆቴል መሸጥ የሚሞክር ነጋዴ መልሱን እዚያው ያገኘዋል። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ሻጋታውን ድራሹን ያጠፋ መጠን በፍሬ ላይ ሲደረግ ጉልበቱ የሚቀንስበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ዘይቱ በከፊል ወደ ልጣጩ ሰም ይገባል፣ በከፊል ይተናል።

ስለ ማብሰያ ቤቶች አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ክፍሎቹ አየር እንዳያስወጡ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ ለዘይት ተን የተመቹ ይመስላሉ። ነገር ግን በብዙዎቹ ሙዝ የሚበስለው በላምባ ምድጃ ጭስ ነው። እነዚህ ዘይቶች ደግሞ ተቀጣጣይ ናቸው። እሳት ባለበት ዝግ ክፍል የዘይት ተን መልቀቅ ሙዙን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ሊያሳጣ ይችላል።

የድሃው ሰው መድኃኒት

ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ ለሚነግዱ ከዘይቶቹ ይልቅ የሚቀርብ ነገር አለ። ሶዳ ነው። በካሊፎርኒያ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል፤ ማጠቢያ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) ወይም ቤኪንግ ሶዳ በውኃ ተበጥብጦ ብርቱካኑ ይነከርበታል። የተለመደው መጠን 3 በመቶ፣ ማለትም በ100 ሊትር ውኃ 3 ኪሎ ያህል ነው። ማጠቢያ ሶዳው በተለይ ውኃው ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሲሞቅ በሁለት ደቂቃ ይሠራል፤ ከዚያ ፍሬው በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ቁስል ውስጥ ገብቶ አንድ ቀን ያልሞላውን አረንጓዴ ሻጋታ ጭምር ይደርስበታል። ማጠቢያ ሶዳ የአገር ማዕድንም ነው፤ ከአብያታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ሲወጣ እንደነበር ይታወሳል።

የሶዳው ድክመት ዘላቂ አለመሆኑ ነው። ከታጠበ በኋላ አዲስ ጭረት ያገኘውን ብርቱካን አይጠብቀውም። ስለዚህ ታጥቦ እንደገና ጆንያ ውስጥ የሚወረወር ፍሬ የሶዳውንም የጉልበቱንም ዋጋ አባክኗል። ሌላው ጥንቃቄ ውኃው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ያልተለወጠ የማጠቢያ ውኃ ራሱ የሻጋታ ዘር ቋት ይሆንና የታመመውን ከጤነኛው ጋር ያጥባል። የሻገተው ፍሬ ከመታጠቡ በፊት ተለቅሞ መውጣት አለበት። ተለቅሞ የወጣው ፖም ከሆነ ደግሞ “ቆርጦ ለጁስ ቤት” የሚለው አሠራር አደጋ አለው። ፖም ላይ የሚበቅለው ሰማያዊ ሻጋታ ፓቱሊን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም የበሰበሰውን ክፍል አልፎ ወደ ጤነኛ መሳዩ ሊሄድ ይችላል።

ማን ይክፈል?

ከኬሚስትሪው የከበደው የገበያው ነገር ነው። የሙዝ አንገት ሕክምና የሚጠቅመው ዘለላው በተቆረጠ በሰዓታት፣ ቢዘገይ በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ይህ ማለት ሥራው መሠራት ያለበት አርባ ምንጭ፣ እርሻው አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ መርጨት ዘግይቷል። ኪሣራውን የሚከፍለው ግን አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ነው። ገበሬው አረንጓዴ ሙዝ በኪሎ ይሸጣል፤ ታጥቦና ተረጭቶ ቢያቀርብ ዋጋው አንድ ሳንቲም አይጨምርለትም። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው በጭነቱ እንጂ ከሳምንት በኋላ በሚወጣው ቢጫ ሙዝ ጥራት አይደለም። ለመታጠቢያው ገንዳ፣ ለዘይቱና ለሳጥኑ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው በሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ የለም።

ስሌቱ ግን ለማብሰያ ቤቱ ባለቤት ከታየ የሚያዋጣበት ወሰን አለው። ብልሽቱን ከ20 በመቶ ወደ 10 በመቶ ማውረድ ከቻለ ለገበያ የሚደርሰው ከ80 ኩንታል ወደ 90 ከፍ ይላል። በዚህ ሂሳብ ጠቅላላ ወጪው እስከ 12.5 በመቶ ቢጨምር እንኳ የአንዱ ኪሎ መነሻ ዋጋ ከቀድሞው አይበልጥም። ከ12.5 በመቶው በታች የሚያወጣው ማንኛውም ወጪ፣ ለሕክምናውም ሆነ ለገበሬው የሚሰጠው ጭማሪ፣ ትርፍ ይተውለታል። ከዚያ በላይ ከወጣ ሻጋታውን አሸንፎ በሂሳብ ይሸነፋል። ወሰኑም የሚሠራው ብልሽቱ መጀመሪያውኑ 20 በመቶ ከነበረ ነው። 8 በመቶ ብቻ የሚበላሽበት ጠንቃቃ ነጋዴ ከዘይቱ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ለእርሱ የፕላስቲክ ሳጥኑና የታጠበው ቢላዋ ይበቁታል።

በዚህ ምክንያት ቀድሞ የሚጠቀመው በሁለቱም ጫፍ እጁ ያለበት ነጋዴ ነው። አርባ ምንጭ መረከቢያ ከፍቶ ወይም ከአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ውል ገብቶ፣ ለታጠበና በሳጥን ለመጣ ሙዝ የተለየ ዋጋ የሚከፍል ማብሰያ ቤት ሻጋታውን ከምንጩ ሊይዘው ይችላል። ደላሎችም ቢሆኑ “የታጠበ” እና “ያልታጠበ” የሚል የዋጋ ልዩነት አንዴ ከተጀመረ በፍጥነት እንደሚለምዱት ከሌሎች ሸቀጦች ይታወቃል። የታጠበና ያልታጠበ ቡና ሁለት ዋጋ ያለው ትናንት አይደለም።

ዘይቱ ከየት ይምጣ የሚለው ደግሞ ለባለሀብት የቀረበ ጥያቄ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የቅርንፉድ ዘይትም ሆነ ካይቶሳን ከውጭ አስገብቶ ሙዝ ላይ መርጨት ወጪው የሚቀመስ አይደለም። የአገር ውስጡ መንገድ ክፍት ነው። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ተክሎችና በዘይት አወጣጣቸው ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራ ተቋም ሲሆን፣ ጠጅ ሣር በቀላሉ የሚባዛና በዓመት ደጋግሞ የሚታጨድ ነው። ጦስኝ ግን ይለያል። በባሌና በሰሜን ከፍታዎች የሚበቅለው የኢትዮጵያ ጦስኝ በታይሞልና በካርቫክሮል የበለጸገ ቢሆንም፣ ከአንድ ኩንታል ደረቅ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ያህል ነው። ገበያ የሚወጣው ጦስኝ በአብዛኛው ከዱር የሚለቀም ነው። የፍራፍሬ ነጋዴው ፍላጎት በላዩ ላይ ቢጨመርበት ተራራው ሳይራቆት፣ የሻይና የሽሮ ጦስኝ ዋጋም ሳይሰቀል አይቀርም። በእርሻ የሚተከል ጦስኝ ከሌለ ጠጅ ሣሩ ይመረጣል።

ዘይቱን በጠርሙስ አሽጎ “ፀረ ሻጋታ” ብሎ ለመሸጥ የሚያስብ ደግሞ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ን ማንበብ ይኖርበታል። ምርቱ ሳይመዘገብ ገበያ አይወጣም። ከተክል መገኘቱ ብቻውን ከምዝገባ ነፃ አያወጣውም።

ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መሞከር ለሚፈልግ ነጋዴ ሙከራው ቀላል ነው። ከአንድ እርሻ፣ በአንድ ቀን የተቆረጠ ሙዝ 20 ሳጥን ይወሰዳል። አሥሩ እርሻው ላይ ይታከማል፣ አሥሩ እንዳለ ይተዋል፤ ሳጥኖቹ በተለያየ ቀለም ክር ይታሰራሉ። በአንድ መኪና መጥተው በአንድ ማብሰያ ክፍል ይገባሉ። ሲወጡ የሁለቱ ወገን የተበላሸ ሙዝ ለየብቻ ይመዘናል፤ ልዩነቱ በኪሎ ዋጋ ተባዝቶ አሥሩን ሳጥን ለማከም ከወጣው ወጪ ጋር ይተያያል። ሙከራው አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በዝናብ ወራት ቢደረግ ይመረጣል፤ የሁለቱ ወቅት ቁጥር አንድ አይደለም።